እትዬ ዘነቡ ተከራይ ሲመርጡ

በእኛ ሰፈር ሰው አብዝቶ በሚመርጥ ላይ የምትወረወር አንዲት አባባል አለች። ወጣቶቹ ከቅድመ አያቶች የወረደች ይመስላቸዋል፤ መጀመሪያ በተነገረችበት ቀን ግን እኔ እዚያው ነበርኩ።

ጎረቤቴ እትዬ ዘነቡ ባላቸው ካረፉ በኋላ ብቻቸውን ቀሩ። ኮምቦልቻ ያለው ልጃቸው ቁርጡን ነገራቸው፦ «ወይ ግቢው ውስጥ ሰው አስገቢ፣ ወይ ቤቱን ዘግተሽ እኔ ጋ ነይ። ብትወድቂ ማን ያነሳሻል?» እትዬ ዘነቡ ያን ቤት ከሚለቁ የጦሳን ተራራ ቢገፉ ይቀላቸው ነበር። ሁለት ሰው የኖረበትን ቤት መልቀቅ ምን እንደሆነ ስለማውቅ አልፈረድኩባቸውም። እናም የጓሮዋን ክፍል ኖራ አስቀብተው ለማከራየት ተነሡ።

የሚፈሩት አንድ ነገር ነበር፤ በሰው ጉዳይ ጥልቅ የሚል ተከራይ። ለእሱም ፈተና አዘጋጁ። ቤት ሊያይ የመጣውን ሰው «እስቲ አረፍ በልና ክፍሉን ልመደው» ብለው በሩን ይዘጉበታል። ከዚያ ግቢው መሃል ቆመው የሰታቴ ክዳን ሲሚንቶው ላይ ይለቁና «ኧረ ወደቅሁ!» ብለው ይጮኻሉ።

መጀመሪያ የመጣችው ልብስ ሰፊዋ ጀማነሽ በባዶ እግሯ በርራ ወጣች።

«ውይ እትዬ! ተረፉ?»

«እኔስ ተርፌያለሁ። አንቺ ግን ገና ቤቴ ሳትገቢ ጉዳዬ ውስጥ ገባሽ!»

ቀጥሎ አንድ አስተማሪ መጣ። እሱም ጆግ ሙሉ ውሃ ይዞ ሮጠ። «ልርጭብዎት?»

«ራስህ ላይ እርጨው!»

ደላላው ሽመልስ ተማረረ። «እትዬ፣ እርስዎ የሚፈልጉት ተከራይ ሳይሆን ግድግዳ ነው።»

«ግድግዳ ካገኘህ አምጣ።»

አመጣ። አበጋዝ የሚባል ሰዓት ሠሪ። ክዳኑ ተንኳኳ፣ እትዬ ጮኹ፣ እንዲያውም ለእሱ ማቃሰት ጨመሩለት። ዝም። በሩን ሲከፍቱ እጁን አጣምሮ ተቀምጧል።

«ጩኸት አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ?»

«የግቢው ጉዳይ የባለቤቱ ነው ብዬ።»

እትዬ ሊስሙት ምንም አልቀራቸው። ቁልፉን እዚያው ሰጡት፤ ለልጃቸውም ደውለው «ሰው አግኝቻለሁ፣ ወርቅ ነው» አሉት።

ክረምት ገባ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሰማዩ ሲጠቁር፣ እትዬ ንፋስ ያነሳው ቆርቆሮ ላይ ድንጋይ ሊጭኑ በመሰላል ወጡ። ጣሪያው ላይ ከመድረሳቸው መሰላሉ ተንሸራቶ ወደቀ።

«አበጋዝ! ኧረ ድረስልኝ!»

በሩ ገርበብ እንዳለ ነው። ዝም።

«አንተ ሰውዬ! ጣሪያ ላይ ነኝ!»

አሁንም ዝም። እኔ ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ ሰምቻለሁ፤ ግን ጩኸታቸውን ከለመድነው ቆይተናል። «አበጋዝን ሊያስወጡ ነው እንዴ? ሌላ ተከራይ መጣ?» ብዬ ዝም አልኩ። ዝናቡ ሲወርድ የተሰጣ ልብስ ላነሳ ብወጣ፣ እትዬ ነጠላቸውን አናታቸው ላይ ጠምጥመው ቆርቆሮውን እንደ ከበሮ ይደበድባሉ።

የሰፈራችንን ሽማግሌ ጋሽ ይማምን ጠርቼ ገባን። መሰላሉን አቁመው፣ እሳቸው ከታች እየደገፉ፣ እኔ «ቀስ፣ ቀስ» እያልኩ አወረድናቸው። ይሄኔ አበጋዝ አንገቱን ብቅ አደረገ።

«አንተ፣ አልሰማኸኝም?»

«ሰምቻለሁ እትዬ። ደግመው የሚፈትኑኝ መስሎኝ… ብወጣ ያስወጡኛል ብዬ።»

«ከዛሬ ጀምሮ ስጮህ ውጣ!»

«እሺ። ግን የእውነቱን በምን ልለየው?»

እትዬ ውሃው ከነጠላቸው እየተንጠባጠበ ወደ ጋሽ ይማም ዞሩ። «ጋሽ ይማም፣ በሞቴ፣ ልጄ እንዳይሰማ። ዛሬውኑ ጠቅልሎ ይወስደኛል።»

«ከእኔ አይሰማም» አሉ ጋሽ ይማም፤ አንዴ አበጋዝን፣ አንዴ እትዬን አዩና ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው፦ «ምን ይደረግ ዘነቡ፤ ዝምተኛ መርጦ፣ ሲጮኹ ማን ሰምቶ!»