የጀልባዋ መቀነት

በአንድ ወቅት፣ በጣና መሐል ካሉት ደሴቶች በአንዱ፣ ውሃ የሚፈሩ ሴት ያገቡ አንድ ታንኳ ሠሪ ነበሩ። አያ ጓንጉል ይባላሉ። ባለቤታቸው እትዬ አንጓች ናቸው። ደሴት ላይ እየኖሩ ውሃ መፍራት ምን የሚሉት ነገር ነው እንዳትሉ። ምክንያት አላቸው።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት እትዬ አንጓች ከገበያ ሲመለሱ የተሳፈሩበት፣ ደንገል በሚሉት የሐይቅ ቄጠማ የተሠራ ታንኳ ሐይቁ መሐል ሲደርስ ውሃ እየጠጣ፣ ለማንም ሳይናገር፣ ዝቅ ዝቅ አለ። መስመጡን ያወቁት ቀሚሳቸው ሲርስ ነው። ሌሎች ታንኳዎች ደርሰው ሁሉንም አወጧቸው፤ ማንም አልሞተም። እትዬ አንጓች ግን እግራቸው መሬት ሲነካ፣ «ከእንግዲህ ሊሰምጥ ሲል በማይናገር ነገር ላይ አልሳፈርም» አሉ። እንዳሉትም አደረጉ። ያንን ታንኳ የሠሩት ደግሞ ሌላ ሰው ሳይሆን ባላቸው ነበሩ። አያ ጓንጉል ይህን አንድ ቀን እንኳ ረስተው አያውቁም። ሚስታቸው ግን አንድ ቀን እንኳ አንስተውባቸው አያውቁም፤ እሱ ነው የባሰባቸው።

እትዬ አንጓች ማዶ ዘጌ አንዲት እህት አለቻቸው፤ ላቀች ትባላለች። ጉልበቷን ስለሚያማት እሷ መምጣት አትችልም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሁለቱ እህትማማቾች በታንኳ ቀዛፊ አፍ ሲነጋገሩ ኖሩ። እንግዲህ የላቀች ልጅ ወንድ ልጅ ወለደችና ቀዛፊው አንድ ቀን ይህን መልእክት ይዞ መጣ፦ «የልጅ ልጄ በአርባ ቀኑ ክርስትና ይነሳል። አንጓች ካልመጣች እኔም ከቤት አልወጣም።» ከአርባው ቀን ስምንቱ አልፏል።

አያ ጓንጉል ይህን ሲሰሙ ልባቸው ዘለለ። ምክንያቱም የበጋውን ወራት በሙሉ ጓሯቸው ውስጥ አንድ ነገር ሲሠሩ ነበር፤ ጀልባ። የደንገል ሳይሆን የእንጨት። በግቢያቸው የነበረችውን አንዲት ዋንዛ ቆርጠው፣ ሰንጥቀው፣ ጠርበው፣ ስንጥቁን በጥጥና በሬንጅ ደፍነው የሠሯት። ከተማው ወደብ ላይ ከቆመው ትልቅ የብረት ጀልባ ጎን ዙሪያውን የተሰመረ ቀይ መስመር አይተው ካፒቴኑን፣ «ይኼ ለጌጥ ነው?» ብለው ጠይቀው ነበር።

«ጌጥ አይደለም አባቴ» አላቸው ካፒቴኑ። «መስመሩ ከውሃው በላይ ከታየ እንሄዳለን። ከጠፋ ሰው ይወርዳል።»

አያ ጓንጉል ቀሪውን አልሰሙም። ሊሰምጥ ሲል የሚናገር ጀልባ ማለት ይኸው አይደል! ቤታቸው ሲደርሱ መስመሩን መቀነት ብለው ስም አወጡለት።

ችግሩ ምንድን ነው፣ ታንኳ ሠሪ ታንኳ ሠሪ ነው። የደንገል ታንኳ በተሠራ በመጀመሪያው ቀን ደረቅ ነው፤ ቀላል ነው፤ ከሁሉም ቀን ይልቅ የሚያምረው ያን ቀን ነው። ሠሪው ሁሉ ሥራውን የሚያሳየው ያን ቀን ነው። አያ ጓንጉልም በልማዳቸው ደረቋን ጀልባ ባዶዋን ውሃ ላይ አስቀመጡ፤ ውሃው የነካበትን ምልክት አደረጉ፤ በሚያምር ነጭ ቀለም ዙሪያዋን ቀቡና ሚስታቸውን ጠሩ።

እትዬ አንጓች ከጎረቤታቸው ከእትዬ ዳሳሽ ጋር መጡ። ሦስቱ ልጆቻቸውም ተሳፈሩ። ገመዱ ገና ሳይፈታ እትዬ አንጓች ጎንበስ ብለው ወደ ውጭ አዩ። መቀነት የለም። ውሃው ዋጥ አድርጎታል።

«አየህ ጓንጉል» አሉ ቀሚሳቸውን ሰብስበው እየወረዱ፣ «ጀልባህ እውነተኛ ናት። ልሰምጥ ነው ብላ ነገረችኝ።»

የደሴቱ ሰው ለሳምንት ሳቀ። አያ ጓንጉልም አብረው ሳቁ። ግን ያን ዕለት ራታቸውን አልበሉም፤ በማግስቱም ሦስቱን ልጆቻቸውን ሰብስበው እንዲህ አሉ፦ «እጄ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ሁለተኛ ዋንዛ በግቢዬ የለም። እናታችሁን ያለ ፍርሃት አሳፍሮ ዘጌ ያደረሰልኝ ልጅ፣ ጀልባዋ የእሱ ናት።»

ሦስቱም ጀልባዋን ይፈልጓታል። ታላቁ እንየው ዓሣ አጥማጅ ነው፤ የዓመት ልፋቱ ግማሹ የበሰበሰ ታንኳ መተካት ነው። መካከለኛዋ ዘርፌ ሎሚና ጌሾ ወደ ከተማ ታመላልሳለች፤ በሰው ታንኳ ተራ ስትጠብቅ ሎሚዋ ይጠወልጋል። ታናሹ ቢያድግልኝ ከተማ ውስጥ ግድግዳ ቀቢ ነው፤ ጀልባ ቢኖረው አገሩ ተመልሶ ሰው እያሻገረ ሊኖር ይመኛል። ሦስቱም ከጀልባዋ በፊት ግን እናታቸውን ይወዳሉ። ይህን ያዙልኝ።

መጀመሪያ የተነሳችው ዘርፌ ናት። ወንድሞቿ ወዲያው ምልክት ሊያደርጉ ቢላና ቀለም ይዘው ሲመጡ ጀልባዋ ላይ ወጥታ ቁጭ አለች።

«ማንም አይነካትም» አለች። «ገና ደረቅ ናት። እኔ አዲስ ገበቴ እንኳ ውሃ ሳላጠጣ ሊጥ አልጥልበትም። ትጠጣ፤ ትጥገብ። ያን ጊዜ እውነተኛ ክብደቷን እናውቃለን።»

«ስንት ቀን ልትጠጣ ነው?» አለ እንየው። «ክርስትናው እኮ ሠላሳ ቀን አልቀረውም!»

«እስክትጠግብ።»

ወንድሞቿ ጮኹ፤ አባቷ ለመኑ፤ ዘርፌ ፍንክች አላለችም። ጀልባዋን ወደ ዳር አስራ ውሃ ውስጥ ተወቻት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀልባዋ በየስንጥቁ አፈሰሰች፤ ዘርፌ ጠዋት ጠዋት እየመጣች በቅል ጨለፈች። ገበያዋን ስለተወች ሎሚዋ ከዛፉ ረገፈ። በአሥራ አራተኛው ቀን ጠዋት መጥታ ስታይ የጀልባዋ ወለል ደርቋል፤ እንጨቱ አብጦ ስንጥቁን ራሱ ዘግቶታል። ጀልባዋም ከነጩ መስመር በሁለት ጣት ዝቅ ብላ ተቀምጣለች፤ ያውም ባዶዋን። «አሁን ጠገበች» አለች ዘርፌ፣ ቅሉንም ለእንየው ሰጥታ ሄደች።

እንየው ነገር አያበዛም። ውሃን ግን ያውቃል። ባዶ ጀልባ የሚሰጠው ምልክት ለማንም እንደማይጠቅም ገብቶታልና በማግስቱ ማለዳ የሰባት ጎረቤት ቤት አንኳኳ። ከሰባቱ አንዷ እትዬ ዳሳሽ ነበሩ።

«ለምን እኔን ፈለግኸኝ?» አሉ።

«ከእናቴ ጋር እኩያ ነሽ፣ እትዬ።»

«በዕድሜ ነው በወገብ?»

እንየው እጃቸውን ይዞ ወደ ውሃው ወሰዳቸው። ሰባቱን ሰዎች፣ ሁለት ጆንያ እህልና አንድ ጋን ጀልባዋ ላይ ጭኖ፣ ሐይቁ በረጋ ቀንም ከዚህ በላይ አትሸከምም ባለው ልክ ላይ ሲደርስ አቆመና እሱ ራሱ ቢላውን ጥርሱ ላይ ይዞ እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ገባ። ሐይቁ ረጋ ሲል ሞገዱ ይመጣል፤ ሞገዱ ሄደ ሲሉት አንድ ሰው ያስነጥሳል፤ ጀልባዋ ትወዛወዛለች። እንየው ጠበቀ። ፀሐይ ወጥታ ከፍ እስክትል ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ ቆመ። ውሃው እንደ መስተዋት የረጋበትን አፍታ አራት ጊዜ አግኝቶ አራት ምልክት ጫረ፤ ፊት፣ ኋላ፣ ግራ፣ ቀኝ። ሲወጣ እግሩ አልታዘዝ አለው፤ ሰባቱ ሰዎች ተሸክመው ቤቱ አደረሱት። ከዚያ በኋላ ሳምንት ሙሉ ሲያስል ከረመ፤ እናቱ በየቀኑ ጤና አዳም ያለበት ሾርባ ይዘው ሲመላለሱ የአያ ጓንጉል ዓይን እንባ ያቀርር ነበር።

አራት ምልክት ግን መቀነት አይደለም። የጀልባ ጎን ሆድ አለው። አያ ጓንጉል ከምልክት ወደ ምልክት በዓይናቸው ለማስመር ሞክረው መስመሩ መሐሉ ላይ ጎበጠባቸው፤ ጀልባዋ የምታሾፍ አፍ መሰለች። ያን ጊዜ ቢያድግልኝ ከከተማ፣ ግንበኞች ውሃ ልክ የሚሉትን፣ በውሃ የተሞላ ውስጡ የሚታይ ቀጭን ጎማ ይዞ መጣ። ጀልባዋን ደረቅ ላይ አውጥተው አራቱ ምልክቶች እኩል ከፍታ ላይ እስኪሆኑ ከሥር ደገፏት። ቢያድግልኝ የጎማውን አንዱን ጫፍ ምልክቱ ላይ አሰረ፤ ሌላውን ጫፍ ይዞ በስንዝር በስንዝር እየሄደ፣ በጎማው ውስጥ ያለው ውሃ በቆመበት ሁሉ ትንሽ ሚስማር መታ። ሁለት ቀን ሙሉ በጉልበቱ ዳኸ። ሚስማሮቹን በቀጭን ሸምበቆ አያያዛቸው፤ ከዚያ በታች ያለውን፣ ነጩንም መስመር ጨምሮ፣ በሬንጅ አጠቆረው።

ብሩሹን ሊያነሳ ሲል ግን አንድ ነገር ትዝ አለውና የተለያየ ቀለም የቀባቸው አራት ጣውላዎች ይዞ ወደ እናቱ ሄደ። እናቱ ዓይናቸው ደከም ብሏል። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ያሰበበት ግን የለም። ጣውላዎቹን ውሃ ዳር አቆመና፣ «እማ፣ ከዚህ ሆነሽ የትኛው ይታይሻል?» አላቸው።

«ቀዩ ጥቁር ይመስለኛል። ሰማያዊው ውሃ ነው። ነጩን ደግሞ ተወው፣ አውቀዋለሁ» አሉ እትዬ አንጓች። «ቢጫው ይታየኛል።»

ቢጫ ቀባው፤ አራት ጣት ስፋት አድርጎ፣ የታችኛውን ጠርዝ ልክ ሚስማሮቹ ላይ አሳርፎ።

ክርስትናው ሁለት ቀን ሲቀረው ማለዳ ሁሉም ውሃ ዳር ተሰበሰቡ። እትዬ አንጓች ረጅም ጊዜ ቆመው ቢጫውን መቀነት አዩት። ከዚያ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። ባላቸው፣ ሦስቱ ልጆችና እትዬ ዳሳሽ ተከተሉ። መቀነቱ ደምቆ ይታያል። ይህን ጊዜ አንድ ጎረቤት ከነበጉ ዘሎ ተሳፈረ፤ ሁለተኛ ጎረቤት ከነጋኑ ተከተለ፤ ሌሎችም ተጋፉ።

«መቀነቷ ጠፋ!» ብለው ጮኹ እትዬ አንጓች። «በጉ ይውረድ!»

«ለክርስትናው ስጦታ እኮ ነው እትዬ!»

«እንግዲያው አንተ ውረድና በጉ ይቅር!»

ሰዉ እየሳቀ ወረደ፤ በጉም ሰውየውም ባለጋኑም ወረዱ። ቢጫው መስመር እንደገና ብቅ አለ። እትዬ አንጓችም ሳቁ። አያ ጓንጉል ሚስታቸው ውሃ ላይ ሆነው ሲስቁ ካዩ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል።

ሐይቁ መሐል ንፋስ ተነሳ። ብዙ አልነበረም፤ ግን ያ የድሮው ታንኳ የሰመጠበት ቦታ አካባቢ ነበር። እትዬ አንጓች የባላቸውን እጅ ጨበጡ። ሞገዱ ሲመጣ መስመሩ ይጠፋል፤ ሲያልፍ ይመለሳል። እሳቸውም በተመለሰ ቁጥር ጎንበስ ብለው ያዩና፣ «አለች» ይላሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «አለች።» እስከ ዘጌ ድረስ «አለች፣ አለች» እንዳሉ ደረሱ። እህታቸው ላቀች በሰው ተደግፋ ውሃ ዳር ወጥታ ነበር። ሁለቱ እህትማማቾች ተቃቅፈው ሲያለቅሱ ማንም አጠገባቸው አልቀረበም።

ክርስትናው አለፈ፤ መመለሻው ደረሰ። አያ ጓንጉል የጀልባዋን ገመድ በእጃቸው ይዘው ቆሙ። ቃላቸውን ሊፈጽሙ ነው። ሦስቱ ልጆች ፊታቸው ቆሙ።

«እኔ ባልከራከር ኖሮ መስመሩ ውሸት ይሆን ነበር፣ አባ» አለች ዘርፌ።

«እኔ ውሃ ውስጥ ባልቆም ኖሮ መስመሩ ከየት ይገኝ ነበር?» አለ እንየው፤ አሁንም ትንሽ ይስላል።

«እኔ ባልጠይቃት ኖሮ እማ መስመሩን አታየውም ነበር» አለ ቢያድግልኝ።

አያ ጓንጉል ሁሉንም አዩ። ሁሉም እውነታቸውን ነው። ቸገራቸውና ወደ ሚስታቸው ዞሩ። «አንጓች፣ እስቲ አንቺ ንገሪኝ። ያሳፈረሽ ማን ነው?»

«እኔን የምትጠይቀኝ ከሆነማ» አሉ እትዬ አንጓች፣ «ያ ነጩ መስመርህ የዚያን ዕለት ዓይኔ እያየ ባይሰምጥ ኖሮ፣ ቢጫውን አላምነውም ነበር።»

ሦስቱ ልጆች አባታቸውን፣ አባትየው ገመዱን አዩ። ነገሩ ከቀድሞው ባሰ። ይህን ጊዜ እትዬ አንጓች ማንም ሳይረዳቸው፣ ማንም ሳይለምናቸው፣ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ጀልባዋ ላይ ወጥተው ተቀምጠዋል።

«ምነው ቆማችሁ ቀራችሁ?» ብለው ተጣሩ፤ ጎንበስ ብለውም አዩ። «አለች! ግፉ እንጂ፣ እንሂድ!»

ገፉ፤ ሄዱ። አያ ጓንጉል ገመዱን ጉልበታቸው ላይ ጠቅልለው፣ ለማን እንደሚያቀብሉት እያሰቡ ደሴታቸው ደረሱ። ጀልባዋ አንዲት ናት፤ ተሰንጥቃ ለሦስት አትካፈልም። ቃላቸው ደግሞ ቃል ነው።

እስቲ እናንተ ፍረዱ፦ ገመዱ በእጃችሁ ቢሆን ለማን ታቀብሉት ነበር?