ከነገንቦው የተመዘነ ማር

አንድ ሚዛን ወዳድ ሰው ነበረ። ከመውደዱ የተነሣ ድመቱን ከምሳ በፊትም ከምሳ በኋላም ይመዝናት ነበር፤ አማቱን ያልመዘናቸው ሰንሰለቱ አይችላቸውም ብሎ ነው ይባላል።

ይህ ሰው ሴት ልጁን ሊድር ሆነና ለሠርጉ ጠጅ ማር ፈለገ። ሁለት ነጋዴዎች መጡ፤ አንዱ በትልቅ ገንቦ፣ አንዱ በትንሽ። ሁለቱንም ከነገንቧቸው ሰቀለና «ትልቁ ከበደ፤ ወፍራሙ ማር ይሄ ነው» ብሎ ፈረደ።

ሚስቱ ከትልቁ ገንቦ በጣቷ ብታነሣ ማሩ ተንጠባጠበ።

«ፀሐይ አቅጥኖት ነው፣ እመቤቴ» አለ ነጋዴው።

ሴትዮዋ ወደ ባሏ ዞረች። በቀጭን ማር የተጣለ ጠጅ ይሆመጥጣል፤ ሆምጣጣ ጠጅ የቀመሱ አማቾች ደግሞ ልጅቷን እስክታረጅ ሲያነሡባት ይኖራሉ።

«አንተ ሰው፣ የከበደው እኮ ገንቦው ትልቅ ስለሆነ ነው።»

«ሚዛን አይዋሽም።»

«አይዋሽም፤ የጠየቁትን ነው የሚመልስ። አንተ የጠየቅኸው ስለ ገንቦው ነው።»

«ታዲያ የማሩን በምን ልወቅ፣ በሕልም?»

ሴትዮዋ ሚዛኑን ነጠቀችው። አንዲት ባዶ ቅል አንጠልጥላ የቅሏን ክብደት በወዲያኛው ወገን በአሸዋ አስተካከለች። ቅሏን ውሃ ጢም አድርጋ ሞላች፤ ለማመጣጠን ዐሥር ሚስማር ፈጀ። ውሃውን ደፍታ ያችኑ ቅል ከትልቁ ገንቦ ሞላች፤ ዐሥራ ሁለት። አጥባ አድርቃ ከትንሹ ሞላች፤ ዐሥራ አራት።

«ቅሉ ያው፣ ሙላቱ ያው» አለች። «ይሄ ዐሥራ አራት ሲል ያ ዐሥራ ሁለት ላይ ቀረ። ፀሐይ ውሃ መቅዳት የጀመረችው መቼ ነው?»

የትልቁ ገንቦ ነጋዴ ገንቦውን ተሸክሞ ሄደ፤ መቼም ከባድ ነበር።

አንተም ልጄ፣ «መመዘን እያለ ውሃውን ምን አመጣው?» ብለህ ይኸው ዛሬም በአንጻራዊ እፍግታ ትምህርት ላይ ጠየቅኸኝ። ምሰሶ ከመርፌ ይከብዳልና እንጨት ከብረት ከበደ ልትለኝ ነው እንግዲህ። ገንቦ እየመዘንህ ነው። የነገሩን ክብደት፣ ያንኑ ያህል ቦታ ለሚይዝ ውሃ ክብደት አካፍል። ዐሥራ አራት ለዐሥር፣ አንድ ነጥብ አራት፤ የማሩ ጠባይ ይህ ነው፤ በቅልም ሆነ በበርሜል አይለወጥም። ያን ሰው ሚስቱ አዳነችው። አንተ ግን ፈተና ክፍል የምትገባው ብቻህን ነው።