በር ያጣው የእናቶች ማቆያ

በር አላችሁ? አለን በሉኝ። እንግዲያስ ዝጉትና ቀረብ ብላችሁ ስሙኝ።

ወይራ ሜዳ በምትባል ቀበሌ እናኑ የምትባል በርበሬ ሻጭ ነበረች። እናኑ የምትፈልገው አንድ በር ብቻ ነበር። ለቤቷ አይደለም፤ የቤቷ በር ደህና ነው። የፈለገችው ጤና ጣቢያው ጓሮ ላለው የእናቶች ማቆያ ነው። ማቆያው የተሠራው ወንዝ ማዶ ያሉ ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው ሲቃረብ መጥተው እንዲቆዩበት ነው። ግድግዳ አለው፣ ጣሪያ አለው፣ ሁለት አልጋ አለው። በር የለውም። በበሩ ቦታ ጆንያ ተሰቅሏል። ጆንያውን ነፋስ ይገልጠዋል፣ ፍየል ይገልጠዋል፣ መንገደኛም ይገልጠዋል።

የእናኑ ልጅ ፈንታዬ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች። ቤቷ ወንዝ ማዶ ነው። የምትወልደው ሐምሌ ነው፤ ሐምሌ ደግሞ ወንዙ ሰው አያሳልፍም።

«ሰኔ ሲያልቅ መጥተሽ ማቆያው ትተኛለሽ» አለቻት እናኑ።

«እማዬ፣ በር በሌለው ቤት አልተኛም።»

«ጆንያ አለው እኮ።»

«ጆንያማ በርበሬሽም አለው። እኔ በርበሬ ነኝ?»

እናኑ ሳቀች፤ ግን ሳቋ ቶሎ አለቀ። አምና ወንዝ ማዶ የሚኖረው የአዳሙ ሚስት እዚያ አንድ ሌሊት አድራ፣ «ጅብ ሲተነፍስ ሰማሁ» ብላ ወደ ቤቷ ተመልሳ ነበር። ምጧ የመጣው ወንዙ ሞልቶ ሳለ ነው። ሕፃኗ ተረፈች። እናቲቱ አልተረፈችም።

በሩ ካልተገጠመ ፈንታዬ አትተኛም።

ሰኞ እናኑ አናጢው ይርዳው ዘንድ ሄደች።

«ይርዳው፣ ለማቆያው በር ሥራልኝ።»

«እሠራለሁ። ማን አዘዘ?»

«እኔ።»

«አይ እትዬ እናኑ! በመንግሥት ቤት ላይ የእርስዎን በር ብገጥም ነገ ነቅለህ ውሰድ ይሉኛል። አንዴ ብለውኝ ያውቃሉ፤ የነቀልኩት ምስማር እስከዛሬ ታጥፎ ቤቴ ተቀምጧል። የቀበሌ ደብዳቤ ያምጡልኝ።»

ደብዳቤው ካልተጻፈ አናጢው አይሠራም፤ አናጢው ካልሠራ በሩ አይገጠምም፤ በሩ ካልተገጠመ ፈንታዬ አትተኛም።

ማክሰኞ እናኑ ቀበሌ ሄደች። ጸሐፊው ስክሪብቶውን እየነከሰ ሰማት።

«ደብዳቤውን የምጽፈው እኔ ነኝ፤ እጄም አይሰንፍም። ግን በዕቅድ ላልገባ ነገር ደብዳቤ አይጻፍም።»

«በዕቅዱ ምን ገባ?»

ጸሐፊው ወረቀቱን አወጣ። «የአዳራሽ ወንበር። የአጥር ጥገና። ለሴቶች…» ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አቀረበ። «ለሴቶች ካናቴራ። ለሴቶች ቀን በዓላችሁ።»

«ካናቴራ ማን ጠየቃችሁ?»

«ማንም። አምናም ካናቴራ ነበር፤ ከዚያው ላይ ገለበጥኩት።»

«እንግዲህ ካናቴራውን በሩ ላይ እንስቀለዋ!»

ጸሐፊው መሳቅ ፈልጎ ነበር፤ የእናኑን ፊት አይቶ ተወው።

ዕቅዱ ካልተለወጠ ደብዳቤው አይጻፍም፤ ደብዳቤው ካልተጻፈ አናጢው አይሠራም፤ አናጢው ካልሠራ በሩ አይገጠምም፤ በሩ ካልተገጠመ ፈንታዬ አትተኛም።

ረቡዕ ሊቀመንበሩ ጋሽ ተገኘ ዘንድ ሄደች።

«ዕቅድ የሚለውጠው ሕዝብ ነው» አሏት። «ቅዳሜ ጉባኤ አለ። ሴቶች መጥተው ይናገሩ። በየዓመቱ እንጠራችኋለን፣ አትመጡም። ይኸው መዝገቡን እዪው፤ ‹ሴቶች ተጠርተው አልመጡም› ይላል። አምስት ዓመት ሙሉ።»

«ቅዳሜ? በገበያ ቀን?»

«ገበያ ስለሆነ ሰው ሁሉ ይገኛል ብለን ነው እኮ።»

«ሰው ሁሉማ ይገኛል፤ እናንተ ለጉባኤ ዋርካው ሥር፣ እኛ ሚዛናችን ፊት።»

ጋሽ ተገኘ ራሳቸውን አከኩ። ክፉ ሰው አይደሉም። በአምስት ዓመት ውስጥ ነገሩ አንድ ቀን እንኳ አልታያቸውም። «እንግዲህ የዘንድሮው ቀን ተለጥፏል» አሉ ቀስ ብለው።

ሴቶቹ ካልመጡ ዕቅዱ አይለወጥም፤ ዕቅዱ ካልተለወጠ ደብዳቤው አይጻፍም፤ ደብዳቤው ካልተጻፈ አናጢው አይሠራም፤ አናጢው ካልሠራ በሩ አይገጠምም፤ በሩ ካልተገጠመ ፈንታዬ አትተኛም።

ሐሙስና ዓርብ እናኑ ቤት ለቤት ዞረች። ሴቶቹ ሁሉ በሩን ይፈልጉታል፤ መልሳቸው ግን አንድ ነው፤ «ቦታዬንስ?» በወይራ ሜዳ ገበያ ቦታው የተቀመጠችበት ሴት ነው። ዞር ካልሽ ጎረቤትሽ ትዘረጋበታለች።

«ባለፈው ልጄን አጥብቼ እስክመጣ ሽንኩርትሽን የዘረጋሽብኝ አንቺ አይደለሽ?» አለቻት አንዷ ሌላዋን።

«አንቺስ ዶሮዎችሽን ጎመኔ ላይ አልለቀቅሽም?»

ተሳሳቁ፤ ተሰዳደቡ፤ መጨረሻ ላይ ተስማሙ። እማማ ዘርፌ ከተነሡ ሁሉም ይነሣል። እማማ ዘርፌ ከሻጮቹ ረድፍ መጀመሪያ ላይ ጨው ይሸጣሉ። ገበያተኛው መጀመሪያ ከእሳቸው ጨው ሳይገዛ ወደ ሌላው አያልፍም፤ እሳቸው የሄዱበት ገበያው ይሄዳል።

ቅዳሜ ጠዋት እናኑ እማማ ዘርፌ ፊት ቆመች።

«በተነሣሁ ልጄ፣ በተነሣሁ። ጆንያዬን ማን ያነሣልኛል? አህያዋን ወደ ቤት ሰድጃታለሁ። ይሄ ወገብ እንደሆነ ስም ብቻ ነው የቀረው።»

ጆንያው ካልተነሣ እማማ ዘርፌ አይነሡም፤ እማማ ዘርፌ ካልተነሡ ሴቶቹ አይመጡም፤ ሴቶቹ ካልመጡ ዕቅዱ አይለወጥም፤ ዕቅዱ ካልተለወጠ ደብዳቤው አይጻፍም፤ ደብዳቤው ካልተጻፈ አናጢው አይሠራም፤ አናጢው ካልሠራ በሩ አይገጠምም፤ በሩ ካልተገጠመ ፈንታዬ አትተኛም።

እናኑ አላፊ አግዳሚውን ለመነች። አንዱ «ዕቅድ ላወጣ የምሄድ ሰው ጨው ልሸከም?» አላት። ሌላው ያጠበውን ጋቢ አሳያትና አለፈ። ሦስተኛው አዳሙ ነበር። ሕፃኗን አዝሎ ጨው ሊገዛ መጥቷል። እሱን መጠየቅ ከበዳት። ዞር ልትል ስትል፣

«ምን ሆንሽ እትዬ እናኑ?» አላት።

ከጆንያው ጀምራ አንድ በአንድ ነገረችው። በሩ ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ወረደ።

አዳሙ ጆንያውን አየው። ከዚያ ሕፃኗን ከጀርባው ፈታና አስታቀፋት። «ያዥልኝ» አለና ጎንበስ ብሎ ጆንያውን ትከሻው ላይ አወጣው።

ጆንያው ሲነሣ እማማ ዘርፌ ተነሡ። እማማ ዘርፌ ሲነሡ ሴቶቹ ተነሡ። ሴቶቹ ሲነሡ በርበሬው ተነሣ፣ ሽንኩርቱ ተነሣ፣ ዶሮው እየጮኸ ተነሣ፤ ገዢው ሁሉ ከኋላ ተከተለ። ገበያው እንዳለ ዋርካው ሥር ገባ።

ጋሽ ተገኘ ብድግ አሉ። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ሴቶች ተጠርተው መጡ ብለው ይጻፉልን» አለች እናኑ።

ጸሐፊው ዶሮ ከወረቀቱ ላይ አባርሮ ማንበብ ጀመረ። ወንበር የሚለው ላይ ሲደርስ ሴቶቹ አስቆሙት።

«ወንበሩ ለምንድን ነው?»

«ለስብሰባ።»

«ይኸው መሬት ላይ ተቀምጠን እየተሰበሰብን አይደለም? ማን ወደቀ?»

«ካናቴራውንም ተዉት» አሉ እማማ ዘርፌ። «የአምናውን አህያዬ ለብሳዋለች።»

ዋርካው ሥር ሳቅ ሆነ። ከወንዶቹ መካከል አንዱ ግን አልሳቀም። «ለአንድ በር ነው እንዴ ይሄ ሁሉ ግርግር?» አለ።

አዳሙ ጆንያውን አውርዶ ዳር ቆሟል።

«አዎ» አለ። «አንድ በር ነው።»

ሰውዬው አቀረቀረ።

«በር ይሁን የምትሉ እጅ አውጡ» አሉ ጋሽ ተገኘ። እጅ በእጅ ላይ ወጣ። ያቀረቀረውም ሰውዬ አወጣ። እናኑ በአንድ እጇ ሕፃኗን ይዛለችና በሌላው የሕፃኗን እጅ ከፍ አደረገችው።

«ይቺ አትቆጠርም» አለ ጸሐፊው።

«ቁጠራት» አሉ ጋሽ ተገኘ። «ደግሞ የሚመጣው ዓመት ጉባኤ ሐሙስ ይሁን። ጻፈው።»

ሴቶቹ ሲመጡ ዕቅዱ ተለወጠ፤ ዕቅዱ ሲለወጥ ደብዳቤው ተጻፈ፤ ደብዳቤው ሲጻፍ አናጢው ሠራ፤ አናጢው ሲሠራ በሩ ተገጠመ። አዳሙ በሩን ደግፎ ያዘ፤ ይርዳው ያንን የታጠፈ ምስማሩን አቅንቶ መታው። ከውስጥ በኩል ወፍራም መቀርቀሪያ አደረጉለት። በሩ ሲገጠም ፈንታዬ ተኛች።

ሐምሌ ገባ። ወንዙ ሞልቶ ጮኸ። ፈንታዬ ከወንዙ ወዲህ ናት፤ ጤና ጣቢያው ሃያ እርምጃ ነው። እናትም ልጅም በደህና ወጡ።

ተረቴ እዚህ አለቀ። ስትወጡ በሩን ቀስ አድርጋችሁ ዝጉልኝ፤ ሕፃን ተኝቷል።