አሉሚኒየሙ ዝም ሳይል ጎማው አይነሣ

ወጌ ቀላል ነው። ብቻ ሰንሰለቱ እንዳይጠፋባችሁ ከእኔ ጋር እያላችሁ ተከተሉኝ።

ደሴ ውስጥ፣ የጣውላ ወለል ካላቸው አሮጌ ቤቶች በአንዱ፣ ወይዘሮ የሺመቤት የሚባሉ ሴት ነበሩ። ባላቸው አቶ ይመር በወጣትነታቸው አንድ ዘፈን በሸክላ አስቀርጸው ነበር። ከሞቱ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ድምፃቸው ግን ሸክላው ላይ አለ። አንድ ቀን ሐኪም ወይዘሮ የሺመቤትን መረመረና፣ "እማማ፣ ቀኝ ጆሮዎ ሊዘጋ ነው፤ ግራውም ብዙ አይቆይም" አላቸው። ቤት እንደገቡ ልጃቸውን ምስጋናውን ጠሩት።

"ልጄ፣ ጆሮዬ ሳይሄድ ያባትህን ዘፈን አንዴ አሰማኝ።"

የፈለጉት ይህንኑ ብቻ ነበር።

ምስጋናው ግን የድምፅ አዋቂ ነኝ ባይ ነው። ሸክላ ማጫወቻ አለው፤ ማጫወቻው ከሚዘፍንበት ቀን የሚፈታበት ቀን ይበዛል። እናቱ የሰው ድምፅ እየራቀባቸው ሲሄድ፣ እሱ ዕቃ ሲናገር መስማት ጀምሯል። ሸክላውን በሚዞረው ሳህን ላይ አስቀመጠና ጆሮውን አስጠጋ።

"አይሆንም እማዬ። ሸክላው ከሥሩ ያለውን የጎማ ምንጣፍ አልወደደውም። ጎማ ድምፅ ይውጣል፤ አባባ የታፈነ ይመስላል።"

"ታዲያ ጎማውን አንሣዋ!"

ሊያነሣው ሲል ጎማው እምቢ አለ። "እኔ ከተነሣሁ ከሥሬ ያለው የአሉሚኒየም ሳህን እንደ ቃጭል ይጮሃል" አለ። ይህን ሲል የሰማው ምስጋናው ብቻ ነው። እንግዲህ አሉሚኒየሙ ዝም ሳይል ጎማው አይነሣ፣ ጎማው ሳይነሣ ሸክላው አይዘፍን፣ ሸክላው ሳይዘፍን ወይዘሮ የሺመቤት ባላቸውን አይሰሙ።

አሉሚኒየሙን ዝም በል ቢሉት፣ "እኔ ቀላል ነኝ፤ ቀላል ደግሞ መጮህ ልማዱ ነው። ወፍራም መስታወት ይተካኝ" አለ። ምስጋናው መስታወት ቆራጭ ዘንድ ሄዶ እንደ ጣት የወፈረ መስታወት ክብ አድርጎ አስቆረጠ። ቆራጩ፣ "ለጠረጴዛ ነው?" ቢለው፣ "ለጠረጴዛ አይደለም፤ ላባቴ ድምፅ ነው" አለው። ቆራጩ አማተበ።

መስታወቱም መጣና፣ "ራቁቴን አልቀመጥም! ሸክላው ይንሸራተትብኛል። ባና አልብሱኝ" አለ። ባና ሲባል ደግሞ ከበግ ጠጉር የተሠራ የመንዝ ባና፣ ከመንዝም ያልታጠበ። ሦስት ሳምንት ተጠበቀ።

"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፣ እማዬ።"

"እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ እኔ በቃሬዛ ልሄድልህ ነው!"

ቢቆጡም ዋጋ የለው። ባናው ሳይነጠፍ መስታወቱ አይቀመጥ፣ መስታወቱ ሳይቀመጥ አሉሚኒየሙ ዝም አይል፣ አሉሚኒየሙ ዝም ሳይል ጎማው አይነሣ፣ ጎማው ሳይነሣ ሸክላው አይዘፍን፣ ሸክላው ሳይዘፍን ወይዘሮ የሺመቤት ባላቸውን አይሰሙ።

ባናው ከመንዝ ደረሰ። የመንዝ ሰው መቼም ኩሩ ነው፤ ባናውም፣ "በሚንቀጠቀጥ ጠረጴዛ ላይ አልነጠፍም" አለ። ማጫወቻውን የተሸከመው ጠረጴዛም፣ "ወለሉ እየዘለለ እንዴት ልጽና?" አለ። ወለሉ፣ "በጎን ቤት የፋጤ ሙቀጫ ሳያርፍ እኔ አላርፍም" አለ። ፋጤ በርበሬ ስትወቅጥ የምታድር ጎረቤታቸው ናት፤ ሁለቱ ቤቶች አንድ ወለል ይጋራሉ። ምስጋናው ሜትሩን አውጥቶ ወለሉን መለካት ጀመረ። "ጣውላውን ነቅለን ሲሚንቶ እናፈሳለን። ለመስቀል ይደርሳል" አለ።

በዚያው ሰሞን ስልክ ጮኸ። ወይዘሮ የሺመቤት በቀኝ ጆሮአቸው "ሃሎ" ቢሉ ዝም። ወደ ግራ ቢያዞሩት እህታቸው ከወዲያ እየጮኸች ነበር። በጣም ፈሩ። ለልጃቸው ምንም ሳይናገሩ ነጠላቸውን አንሥተው ፋጤ ቤት ሄዱ።

"ፋጤ፣ ሙቀጫሽን ትንሽ አሳርፊልኝ። ሙቀጫው ሳያርፍ ወለሉ አያርፍ፣ ወለሉ ሳያርፍ ጠረጴዛው አይጸና፣ ጠረጴዛው ሳይጸና ባናው አይነጠፍ፣ ባናው ሳይነጠፍ መስታወቱ አይቀመጥ፣ መስታወቱ ሳይቀመጥ አሉሚኒየሙ ዝም አይል፣ አሉሚኒየሙ ዝም ሳይል ጎማው አይነሣ፣ ጎማው ሳይነሣ ሸክላው አይዘፍን፣ ሸክላው ሳይዘፍን እኔ ይመርን አልሰማ!"

ፋጤ ዘነዘናዋን እንዳነሣች ቀረች። "ኧረ በአላህ፣ እትዬ የሺ! ይህንን ለመንገር ነው ይህን ያህል የቆዩት? ማን ጠየቀኝና እምቢ አልኩ?"

"በግራዬ በኩል ንገሪኝ፣ ልጄ።"

ፋጤ ዞረች። "ትቼዋለሁ እኮ ነው የምልዎት! ብቻ እኔም መጥቼ ልስማቸው። ጋሽ ይመር በግድግዳው ወዲያ ሲያንጎራጉሩ እየሰማሁ ነው ያደግሁት።"

ዘነዘናው ተቀመጠ። ሙቀጫው ሲያርፍ ወለሉ አረፈ፣ ወለሉ ሲያርፍ ጠረጴዛው ጸና፣ ጠረጴዛው ሲጸና ባናው ተነጠፈ፣ ባናው ሲነጠፍ መስታወቱ ተቀመጠ፣ መስታወቱ ሲቀመጥ አሉሚኒየሙ ዝም አለ፣ አሉሚኒየሙ ዝም ሲል ጎማው ተነሣ፣ ጎማው ሲነሣ ሸክላው ዘፈነ።

አቶ ይመር መጀመሪያ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ፤ ከዚያ ዜማውን አነሡት። ወይዘሮ የሺመቤት ግራ ጆሮአቸውን አስጠግተው እስከ መጨረሻው አለቀሱ። ፋጤም በርበሬው ነው እያለች አለቀሰች።

ዘፈኑ ሲያልቅ ምስጋናው ፊቱ በርቶ ነበር። "አየሽ እማዬ? ከጎማው ይልቅ ባናው ላይ ጥርት አላለም? ልዩነቱ ተሰማሽ?"

"ተሰማኝ እንጂ፣ ልጄ" አሉ። "ጎማው ላይ ብታሰማኝ ኖሮ በሁለት ጆሮዬ ነበር የምሰማው።"

ምስጋናው ተነሥቶ የእናቱን ወንበር ግራ ጆሮአቸው ወደ ማጫወቻው እንዲሆን አዞረላቸው፤ መርፌውንም ወደ ዘፈኑ መጀመሪያ መለሰው።