ጃርትና ሦስተኛው ሹመት

ልጆች፣ የያዛችሁትን አስቀምጡና ስሙ። አንዴ ነው የምናገረው።

በድሮ ዘመን፣ ከአንድ ተራራ ግርጌ የሚኖሩ አራዊት ወንዝ በቦይ ጠልፈው ያርሱ ነበር። ቦዩን በጋራ ይጠርጋሉ፤ ውኃውን በተራ የሚያካፍል ሹም በየሦስት ዓመቱ ከኋላው እየተሰለፉ ይመርጣሉ። አንድ ሹም ሁለት ጊዜ ይመረጣል፤ ሦስተኛ የለም። ሕጋቸው ይህ ነበር።

እመት ጦጣ ብልጥ ነበረች። አያ ጅቦ ሆዳም። ጃርት ደግሞ ቁጡ፣ ንግግር የማይወድ።

ጦጣ መጀመሪያ ተሾመች። ዳግም መመረጥ ፈልጋ ውኃውን በትክክል አካፈለች።

ሁለተኛ ተሾመች። ከእንግዲህ ምርጫ አይጠብቃትምና ውኃው ወደ ጓሮዋ አዘነበለ።

አራዊቱ አጉረመረሙ። ጦጣ ሳቀች።

«ጥፋቱ የሕጉ ነው። ነገ የማትመርጡኝን ዛሬ ለምን ልፍራችሁ? ሕጉን አንሡት፤ ስፈራችሁ እኖራለሁ።»

«እውነቷን ነው!» አለ ጅብ። ሕጉ ተነሣ።

«እንግዲያው እኔም እወዳደራለሁ» አለ ጃርት።

በሳምንቱ የጃርት የውኃ ተራ ተዘለለ። በሚቀጥለውም ተዘለለ። በሦስተኛውም ተዘለለ። ባቄላው አበባ ላይ እንዳለ ደረቀ።

ሚዳቋ ለመወዳደር አስባ ነበር፤ የጃርትን ማሳ አየችና ተወችው። ከርከሮም አየና ተወው።

የምርጫው ቀን ደረሰ። «ከእኔ ሌላ ማን አለ?» አለች ጦጣ።

ሁሉም መሬት መሬት አየ። ጃርት ተነሣ።

«አንተ እሾሃም፣ የልጆችህ ጉሮሮ አያሳዝንህም?» አለች ጦጣ።

«ባቄላዬን አድርቀሽዋል። ከዚህ በላይ ምን ታደርቂብኛለሽ?» ወደ አራዊቱ ዞረ። «የአንዳችንን ማሳ ማድረቅ ትችላለች። የሁላችንን ግን አትችልም፤ ቦዩን የምንጠርገው እኛ ነን።»

ሚዳቋ ሄዳ ከኋላው ቆመች። ከርከሮ ተከተለ። ሌሎቹም ተሰለፉ። ጅብ የሰልፉን ርዝመት አይቶ ሮጠ።

«አያ ጃርት፣ ድሮም እኮ ያንተ ነበርኩ!»

«ዝም ብለህ ቁም።»

ጃርት ተሾመ። መጀመሪያ የሠራው የተነሣውን ሕግ መመለስ ነበር።

«በሁለተኛው ሹመትህ አንተም እንደ እሷ ብትሆንስ?» አለች ሚዳቋ።

ጃርት ብዙ አሰበ። «ልክ ነሽ፤ እኔንም አትመኑኝ። ሹም የሆነ ሁሉ ማሳውን የሚያጠጣው ከሁሉ በኋላ ይሁን። ካበላሸ ቀድሞ የሚደርቀው የራሱ ነው።»

ጦጣም ከዚያ ወዲህ እንደ ሌላው ጭቃ እየጠረገች ተራዋን ጠበቀች።

ሹምን የሚያርመው ለሁልጊዜ መመረጡ አይደለም፤ ሌላው ሳይፈራ ከፊቱ መቆም መቻሉ ነው።

ተረቴን ለእናንተ ሰጠሁ፤ አፌን በዝምታ አበስኩ።