የአንድ ሌሊት መንገድ

መጀመሪያ ድምፁ ነው የሚሰማው። ከደመናው ውስጥ ጉምጉምታ ይመጣል፣ የቆርቆሮው ጣሪያ ይንቀጠቀጣል፤ አውሮፕላኑ የሚታየው ከዚያ ወዲያ ነው። አንድ ሰው ነበር፤ ቤቱ አዲስ አበባ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ። ጠዋት ጠዋት ያን ድምፅ ሲሰማ፣ የታመመች እናቱን ትራስ እያስተካከለ፣ «የጓንዡው ገባ» ይላል። እኅቱ ትርሲት እዚያ ቻይና አገር ትሠራለችና።

ስምንት ሺሕ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ይላሉ። በአውሮፕላን ግን ምን አላት? አንድ ሌሊት! ማታ የተሳፈረ ጠዋት እዚህ ነው። ሰውየው በዚህች «አንድ ሌሊት» ልቡን አሳርፎ ነበር።

እናትየው ከጥምቀት ወዲህ ሕመሙ ጠናባት። ትርሲት ደወለች።

«እማዬስ?»

«ደህና ናት። ትንሽ ብርድ መቷት ነው።»

«እስቲ አገናኘኝ።»

«ተኝታለች።»

«በጠራራ ፀሐይ? እማዬ? ዶሮን ቀድማ የምትነሣዋ?»

«አንቺ ደግሞ! አርጅታለች እኮ።»

ስልኩን ዘግቶ ሲገባ እናቱ ዓይኗን ገለጠች። «ልጄስ?»

«መንገድ ላይ ናት፣ እማዬ።»

አያችሁልኝ? ለአንዷ «ደህና ናት»፣ ለሌላዋ «መንገድ ላይ ናት»። ክፉ ሰው ነው? አይደለም! በእጁ የሚያጎርሳት፣ እግሯን የሚያጥባት እሱ ነው።

ጎረቤቲቱ እትዬ ባንቺወሰን አጥሚት ይዘው ገቡና፣ «አንተ፣ ለልጅቱ ንገራት እንጂ!» አሉት።

«በስልክ? ዘመድ አጠገቧ በሌለበት? እንዲህ ያለ ነገር እኮ ሰው ይዞ፣ አረጋግቶ ነው የሚነገር። ደግሞ አንድ ሌሊት ነው፤ ሲብስባት እጠራታለሁ።»

«አንድ ሌሊት የሚሆነው ለተሳፈረ ሰው ነው፣ የኔ ጌታ።»

በመጨረሻ ጠራት። አውሮፕላኑ አልዘገየም፤ በሰዓቱ ገባ። እናትየው ግን ጎሕ ሳይቀድ አርፋለች።

ሊቀበላት ሄደ። «እማዬስ?» አለችው፣ ሻንጣዋን ሳታወርድ። ምን ያላት ይመስላችኋል?

«እየጠበቀችሽ ነው።»

ሻንጣዋን ተቀብሎ ወደ ቤት ይዟት መጣ። መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ ደጃፉ ላይ የተተከለውን ድንኳን አየችው።

ወገኖቼ፣ ስንቶቻችን ነን በዚህች «አንድ ሌሊት» ላይ የተኛን? «ይቅር በለኝ» ማለት አንዲት ቃል ናት፣ ነገ እላታለሁ። ወንድሜ ሰፈር በታክሲ ቅርብ ነው፣ ሲመቸኝ እሄዳለሁ። የእግዚአብሔር ደጅ ክፍት ነው፣ ስሸመግል እገባለሁ። ቅርብ ነው፤ አዎ፣ ቅርብ ነው! ቅርብ መሆኑ ግን ያልተነሣውን ሰው መቼ አደረሰው?

ደግሞ ለሰው አዝናችሁ እውነቱን ስትሸሽጉ፣ ሰላም የሰጣችሁት ይመስላችኋል። የወሰዳችሁበት ግን ጊዜውን ነው። ያ ጊዜ የማን ነበር? የእናንተ ነበር?

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ደውሉ። ድምፃችሁ ቢንቀጠቀጥም ደውሉ።

ትርሲትስ? በሠልስቱ ማግሥት ጠዋት ወንድሟ አጠገብ ተቀምጣለች። ያው ድምፅ ከደመናው ውስጥ መጣ፤ ጣሪያው ተንቀጠቀጠ። ሰውየው ከልማዱ «የጓንዡው...» ብሎ ጀመረና ዋጠው።

እሷ ለእናቷ ያመጣችውን የሱፍ ካልሲ ከቦርሳዋ አወጣች። ጉልበቱ ላይ አኖረችለት። ነጠላዋን ሰብስባ ተነሣችና ወጣች፤ በሩንም አልዘጋችው።