ሃያ ሴራሚክ ለሺህ ሠልጣኝ

ሰው ያማረ ሥራ በእጁ ሲያበላሽ በእኛ ከተማ የምትባል አንዲት አባባል አለች። መነሻዋን ከእኔ በቀር አጥርቶ የሚያውቅ የለም። አንዲት ቃል ብጨምር ምላሴን ይቁረጠው! ካላመናችሁኝ ነገሩ የሆነበት ሕንፃ ዘበኛ ጋሽ ድንበሩ ምስክሬ ናቸው፤ ይኸው አጠገቤ ተቀምጠዋል።

ያን ጊዜ መንግሥት ሥራ አጥ ወጣቶችን የሴራሚክ ንጣፍ እንዳሠለጥንለት ለመነኝ። ለመነኝ ነው የምላችሁ! ሠልጣኙ ሺህ፣ ሴራሚኩ በውሰት የመጣ ሃያ። እኔ መላ አጣለሁ? ሲሚንቶ ሳናስነካ አሸዋ ላይ እናነጥፋለን፣ እናነሳለን፣ ጠርገን ካርቶኑ ውስጥ እንመልሳለን፤ ለሚቀጥለው ተረኛ። በሦስት ወር ከተማው በሰርተፊኬት ተጥለቀለቀ። ሪፖርቱ ላይ ሺሁም «ሥራ የተፈጠረላቸው» ተባሉ።

ከሺሁ አንዷ ትርንጎ ነበረች። ሁለት ታናናሾቿን ሰው ቤት ልብስ እያጠበች የምታሳድግ ልጅ ናት። ሰርተፊኬቷን ይዛ አርባ ፎቅ ወደሚያሠራው ኮንትራክተር ወደ ሙሉሰው ሄደች።

«ወረቀቱን ተይው» አላት። «ይቺን መታጠቢያ ቤት አንጥፊ። ጠዋት አይቼ ካማረችኝ የሕንፃው ንጣፍ በሙሉ ያንቺ ነው። አለዚያ ግን፣ እቴ፣ በዚህ በር ዝር እንዳትይ።»

«እሺ፣ ጋሼ።»

ጠዋት ሙሉሰው ሲመጣ ወለሉ ባዶ! ሴራሚኩ ተጠርጎ ካርቶኑ ውስጥ ተደርድሯል።

«የታል ንጣፉ?»

«አንጥፌው ነበር እኮ!» አለች ትርንጎ።

እንደተማረችው አንጥፋ፣ እንደተማረችው አንስታዋለች! ሙሉሰው ሲስቅ የአርባኛው ፎቅ መስታወት ረገፈ። እኔ ባልማልድላት ኖሮ ተባራ ነበር።

«ውሸት ነው፣ ጋሽ ድንበሩ?»

ጋሽ ድንበሩ ካፖርታቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም።

«ሕንፃው ባለ አንድ ፎቅ ነው፤ ሠልጣኙም አርባ አይሞላም። እሱስ ይሁን። ልጅቱ ግን ከግንበኛ ጋር በቀን ሥራ እየዋለች በለመደችው በሲሚንቶ አሳምራ አንጥፋ ነው የሄደችው። አመሻሽ ላይ ‹የተማሪዬን ሥራ ልይ› ብለህ የገባኸው አንተ ነህ። እጅህ ለምዶብህ፣ ሳይደርቅ ነቅለህ፣ ጠርገህ ካርቶኑ ውስጥ መለስከው። አይቼ ለሙሉሰው ባልነግረው ደጅ ቀርታ ነበር፤ ደግማ አነጠፈች፣ ሥራውንም ያዘች። ከተማው እስከ ዛሬ የሚለው ያን ጠዋት እኔ ስላንተ ያልኩትን ነው፦ በውሰት የኖረ እጅ የሰው ንጣፍ ያነሳል።»